ጥቁርና ነጭ ፈረንሳይ፦ የሻርል ዱፓን ካርታ ምን አሳየ? ምንስ ሳያሳይ ቀረ?

የምግብ እጥረት ያለባቸውን አካባቢዎች የሚያመለክት ካርታ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ኑሮ ደህና የሆነበት ቦታ በፈዛዛ ቀለም ይቀባል፤ ችግሩ እየከፋ ሲሄድ ቀለሙ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ወደ ቀይ፣ በመጨረሻም ወደ ጠቆረ ቀይ ይለወጣል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜም አገሮች በየዕለቱ በዚሁ መንገድ ተቀብተው ይታዩ ነበር። እንዲህ ያለውን ካርታ እንዴት እንደምናነብ ያስተማረን የለም፤ የጠቆረው ቦታ የከፋው መሆኑን ዓይናችን ወዲያው ይረዳዋል። ይሁንና ቁጥርን በካርታ ላይ በቀለም ድምቀት የመግለጽ ዘዴ ጀማሪ አለው። የታሪክ አጥኚዎች የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ካርታ አድርገው የሚቆጥሩት፣ ፈረንሳዊው ሻርል ዱፓን በ1826 ያዘጋጀውን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዱፓን የሒሳብ ሊቅ፣ የመርከብ መሐንዲስ፣ መምህርና የምክር ቤት አባል ነበር። ካርታው አገሩን በአንድ ጊዜ አስደንቋል፣ አስቆጥቷልም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሰውየውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ዱፓን ማን ነበር?

ሻርል ዱፓን በጥቅምት 1784 በመካከለኛው ፈረንሳይ በምትገኘው ቫርዚ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የሕግ ባለሙያዎች ቤተሰብ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ አንድሬ ስመ ጥር ጠበቃ ሆኖ በኋላ የሕዝብ እንደራሴዎችን ምክር ቤት በአፈ ጉባኤነት መርቷል። ሻርል ግን የሕግን መንገድ ትቶ፣ የፈረንሳይ አብዮት ለመሐንዲሶች ማፍሪያ ወዳቋቋመው ወደ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገባ። በዚያ ያስተማረው ጋስፓር ሞንዥ ነው፤ ሞንዥ ጠጣር ነገሮችን በወረቀት ላይ በትክክል የመንደፍን ጥበብ በሥርዓት ያስቀመጠ ሊቅ ነበር። ዱፓን ገና ተማሪ ሳለ አንድ የቅርጽ ዓይነት አገኘ። ቅርጹ አንድ ጎኑ የወፈረ ሌላው ጎኑ የቀጠነ ቀለበት ይመስላል፤ እስከ ዛሬም በሒሳብ መጻሕፍት በስሙ ይጠራል። ዓይን የሚያየውን ወደ ስሌት፣ ስሌቱንም ዓይን ወደሚያየው ነገር የመመለስ ችሎታው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጎልቶ ይታይ ነበር፤ የኋላውን ካርታ ያለዚህ ችሎታ ማሰብ የሚቻል አይመስለኝም።

ትምህርቱን እንደጨረሰ በባሕር ኃይል መሐንዲስነት ተቀጠረ። የናፖሊዮን ጦር ከግሪክ በስተ ምዕራብ ያሉትን የአዮኒያ ደሴቶች በያዘበት ዘመን ከእነርሱ አንዷ ወደሆነችው ወደ ኮርፉ ተላከና በወደቡ ሥራ ላይ ቆየ፤ በዚያም እንጨት ሸክም ሲጫንበት እንዴት እንደሚጎብጥ በሙከራ አጥንቷል። ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ፣ ከ1816 ጀምሮ፣ በተደጋጋሚ ወደ ብሪታንያ ተጓዘ። ያሸነፈቻቸውን አገር ወደቦች፣ መንገዶች፣ የጦር መሣሪያ ማከማቻዎችና ፋብሪካዎች እየተዘዋወረ መረመረ፤ ያየውንም በብዙ ቅጽ አሳተመ። በ1818 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። በዓመቱ ደግሞ በፓሪስ የጥበባትና የእጅ ሙያዎች ተቋም ውስጥ መምህር ሆኖ ተሾመ፤ በዚህ ሥራም ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቷል።

ስለዚህ መምህርነቱ ትንሽ ማለት ይገባል። ዱፓን ጂኦሜትሪንና የማሽን አሠራርን ያስተማረው የመኳንንት ልጆችን ሳይሆን አናጺዎችን፣ ብረት ሠሪዎችንና ሌሎች ባለሙያዎችን ነበር። ትምህርቱም የሚሰጠው ሠራተኛው ከሥራ ከወጣ በኋላ፣ በምሽት ነው። ትምህርቱን ያሳተመበት መጽሐፍ በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ የማታ ትምህርት እንዲከፈት መነሻ ሆኗል። ብሪታንያ ፈረንሳይን የቀደመችው በእጅ ሥራዋ ላይ ዕውቀት ስለጨመረች ነው ብሎ ከልቡ ያምን ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሠራውን አብዛኛውን ነገር የገፋው ይህ እምነት ነው።

«ስታቲስቲክስ» ያኔ ምን ማለት ነበር?

ዛሬ ቃሉን ስንሰማ የሚታወሰን ቁጥር፣ አማካይና መቶኛ ነው። በዱፓን ወጣትነት ግን ቃሉ ከሥሩ ጋር ገና የተቆራኘ ነበር፤ ሥሩ «መንግሥት» ማለት ነው። የአንድን አገር ስታቲስቲክስ መጻፍ ማለት የአገሩን መሬት፣ ሕዝብ፣ ምርትና ልማድ ዘርዝሮ መግለጽ ነበር። ቁጥር ቢኖርበትም አብዛኛው ክፍል በቃል የሚተረክ ነው። የየክፍለ አገሩ ሹማምንት እንዲህ ያለ መግለጫ እየጻፉ ወደ ፓሪስ ይልኩ ነበር።

ዱፓን የኖረው ይህ ልማድ በሚለወጥበት ዘመን ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕዝብን ብዛት፣ የምልምል ወታደሮችን ቁመት፣ የወንጀል ክሶችንና የተማሪዎችን ቁጥር በየዓመቱ መመዝገብ ጀመሩ። ሆኖም የተመዘገበው ቁጥር በረጅም ሰንጠረዥ ተደርድሮ ይቀመጥ ነበር። ሰማንያ ስድስት መስመር ያለው ሰንጠረዥ ተሰጥቶን የአገሩ ሰሜን ከደቡቡ በምን እንደሚለይ ብንጠየቅ፣ እርሳስ ይዘን ረጅም ሰዓት መድከም ይኖርብናል። ዱፓን ይህን ድካም ከአንባቢው ላይ አነሳው።

ካርታው እንዴት ተሠራ?

በኅዳር 1826 መጨረሻ ዱፓን ትምህርቱን ሲከፍት ያቀረበው ንግግር ስለ ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት ነበር፤ እነዚህ ዕውቀቶች ለሕዝብ ሲዳረሱ ለአገር ብልጽግና ምን እንደሚያደርጉ ያብራራል። ከንግግሩ ጋር የታሰበው ካርታ «የፈረንሳይን የሕዝብ ትምህርት የሚገልጽ ካርታ» የሚል ስም ነበረው።

ፈረንሳይ ከአብዮቱ በኋላ ዴፓርትማን በሚባሉ ክፍሎች ተከፋፍላ ነበር፤ እዚህ ለመረዳት እንዲቀለን «አውራጃ» እንበላቸው። በጊዜው 86 ነበሩ። ዱፓን ለእያንዳንዱ አውራጃ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ በትምህርት ቤት የተመዘገበ አንድ ወንድ ልጅ ለማግኘት ስንት ነዋሪ መቁጠር ያስፈልጋል? መልሱን በአውራጃው ላይ በቁጥር አሰፈረው፤ ከቁጥሩ ጋር የሚመጣጠን ጥላም አለበሰው። ቁጥሩ ትልቅ በሆነ መጠን፣ ማለትም አንድ ተማሪ በብዙ ሰው መካከል ብቻ ሲገኝ፣ ጥላው ይጠቁራል። ቁጥሩ ሲያንስ ወረቀቱ እየነጣ ይሄዳል።

የቡናን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አቦሉ ጥቁር ነው፤ ቶናው ይሳሳል፤ በረካው ደግሞ ይፈዛል። ሲኒዎቹን ጎን ለጎን ያየ እንግዳ ሳይቀምስ የትኛው ከየትኛው ዙር እንደተቀዳ ይለያል። የዱፓን ካርታም እንዲሁ ነው፤ አንድም ቁጥር ሳናነብ የትኛው አውራጃ ከየትኛው እንደሚለይ ያሳየናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ጥበብ አለ። ዱፓን ያሳየው የተማሪዎችን ጠቅላላ ብዛት ሳይሆን ንጽጽርን ነው። ጠቅላላውን ብዛት ቢቀባ ኖሮ ሕዝብ የሚበዛበት አውራጃ፣ ትምህርት የተስፋፋበት ባይሆን እንኳ፣ የተሻለ መስሎ ይታይ ነበር። ዛሬ የምናያቸው ብዙ ካርታዎች የሚያሳስቱት ይህን ስለሚዘነጉ ነው፤ የሕመምተኞችን ብዛት ብቻ የሚያሳይ ካርታ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን ሰው የት እንደበዛ ብቻ ነው።

ካርታው ምን አሳየ?

በካርታው ላይ፣ በሰሜን ምዕራብ ከምትገኘው የሳን ማሎ ወደብ እስከ ጄኔቭ ድረስ ክር ብንዘረጋ አገሩ ለሁለት ይከፈላል። ከክሩ በላይ በሰሜንና በምሥራቅ ያሉት 32 አውራጃዎች በአብዛኛው የነጡ ናቸው። ከክሩ በታች በምዕራብና በደቡብ ያሉት 54 አውራጃዎች በአብዛኛው የጠቆሩ ናቸው። ዱፓን በጽሑፉ እንዳሰላው፣ የሰሜኑ 13 ሚሊዮን ሕዝብ 740,846 ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ይልካል፤ የደቡቡ 18 ሚሊዮን ሕዝብ ግን የሚልከው 375,931 ብቻ ነው። ከአንድ ሚሊዮን ሰው ሲሰላ በሰሜን 56,988፣ በደቡብ 20,885 ይሆናል። ሺህ ነዋሪ ያለውን አንድ ቀበሌ ብናስብ፣ በሰሜን 57 ያህል፣ በደቡብ 21 ያህል ልጆች ይማራሉ ማለት ነው።

ዱፓን በዚህ አልቆመም። የሰሜኑና የደቡቡ ሰዎች ያገኙትን የፈጠራ ሥራ ፈቃድና በኢንዱስትሪ ትርኢት ላይ የወሰዱትን ሜዳሊያ ሳይቀር አነጻጸረ፤ ሰሜኑ በየመስኩ እንደሚበልጥም አሳየ። ከዚያም አንዱን ክፍል ብርሃን ያገኘች ፈረንሳይ፣ ሌላውን በጨለማ ያለች ፈረንሳይ አድርጎ ገለጸ። የዘመኑ ፖለቲካ ይህን አባባል የባሰ አከረረው። ንጉሣዊው ሥርዓት ከተመለሰ ወዲህ፣ ድሃውን ማስተማር አመፅ ይወልዳል ብለው የሚሰጉ ኃይለኛ ወገኖች ነበሩ። ጥቁሩ ቀለም ለእነዚህ ወገኖች የተሰጠ መልስ ነበር። የደቡቡ ሰዎች ግን አገራቸው በከሰል እንደተቀባ ቆጠሩትና ተቆጡ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ በሰንጠረዥ ውስጥ ያለ ቁጥር መረጃ ሆኖ ይነበባል፣ በትውልድ ቦታ ላይ የተቀባ ጥቁር ቀለም ግን ስድብ ይመስላል።

ዱፓን በ1824 የባሮን ማዕረግ አግኝቶ ነበር፤ በ1827 ደግሞ ታርን ከተባለው የደቡብ አውራጃ የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ። ካርታው ከወጣ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1833፣ እያንዳንዱ ኮሚዩን (የአውራጃው ትንሹ የአስተዳደር ክፍል) የወንዶች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲኖረው የሚያስገድድ ሕግ በፈረንሳይ ጸደቀ። ሕጉን ያወጣው የትምህርት ሚኒስትሩ ጊዞ ነው፤ ካርታው ብቻውን ሕጉን አመጣው ማለት አይቻልም። ሆኖም ክርክሩ ሲካሄድ ያ ጥቁርና ነጭ ምስል በብዙዎች አእምሮ ተስሎ ነበር።

ታዲያ ብልጽግናን ያመጣው ትምህርቱ ነው?

ዱፓን አዎን ይል ነበር። ካርታው ግን ይህን አላረጋገጠም። ካርታ ሁለት ነገሮች በአንድ ቦታ እንደሚገኙ ያሳያል፤ አንዱ ሌላውን እንዳመጣ አያሳይም። ዶሮ ሲጮኽ ይነጋል፤ ያነጋው ግን ዶሮው አይደለም። ሰሜኑ የበለጸገው ስለተማረ ሊሆን ይችላል፤ የተማረውም ስለበለጸገ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሁለቱንም ያስከተለ ሦስተኛ ምክንያት ይኖራል።

ይህን ጉድለት የገለጡት የራሱን ዘዴ የወሰዱ ሰዎች ናቸው። በ1829 ጠበቃው አንድሬ ሚሼል ጌሪ ከጂኦግራፊ ሊቁ ባልቢ ጋር ሆኖ ሦስት ካርታዎችን በአንድ ሉህ ላይ አሳተመ፤ አንዱ ትምህርትን፣ ሌሎቹ ሁለቱ በሰው ላይና በንብረት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ያሳያሉ። በዘመኑ ትምህርት ሲስፋፋ ወንጀል ይቀንሳል የሚለው አስተሳሰብ ሰፊ ተቀባይነት ነበረው። ካርታዎቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ግን በትምህርት የነጣው ሰሜን በስርቆትና በመሳሰለው የንብረት ወንጀል የጠቆረው ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ማንበብ የቻለ ሰው ይሰርቃል ማለት አይደለም። ትላልቅ ከተሞችና የሚሰረቅ ሀብት ያሉት በሰሜን ነበር፤ ደግሞም ስለ አንድ አውራጃ የተነገረ አማካይ በውስጡ ስለሚኖር ስለ አንዱ ሰው ምንም አያረጋግጥም።

ብርሃኑ ውስጥ የተደበቀው ምን ነበር?

ከዱፓን ሕይወት ብዙ የሚያስተምረው ክፍል፣ በእኔ አመለካከት፣ ካርታው ከወጣ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ የመጣው ነው። በ1834 በባሕር ኃይል ሚኒስትርነት ለጥቂት ቀናት ብቻ ካገለገለ በኋላ፣ በ1837 የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆነ። በ1840 ምክር ቤቱ ስለ ሕፃናት ጉልበት ሥራ ረቂቅ ሕግ ቀረበለት፤ መርምሮ ሪፖርት እንዲያቀርብ የተመረጠውም ዱፓን ነበር። በሰሜኑ የጥጥና የሱፍ ፋብሪካዎች ሕፃናት ከጎልማሶች እኩል ረጅም ሰዓት ይሠሩ ነበር፤ ሐኪሙ ቪየርሜም በዚያው ዓመት የፋብሪካ ሠራተኞችን ኑሮ ዘርዝሮ አሳትሟል።

ዱፓን እንደ ልማዱ ቁጥር ፈለገ፤ ያገኘውም በውትድርና ምልመላ መዝገብ ውስጥ ነው። ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ለምርመራ ሲቀርብ ብቁ ነው ወይም አይደለም ተብሎ ይመዘገባል። ዱፓን በእርሻ የሚታወቁ አሥር አውራጃዎችንና በፋብሪካ የሚታወቁ አሥር አውራጃዎችን አነጻጸረ። በእርሻ አውራጃዎቹ ለ10,000 ብቁ ወጣቶች በደካማነት ወይም በአካል ጉዳት የተመለሱት 4,029 ነበሩ። በፋብሪካ አውራጃዎቹ ለ10,000 ብቁ ወጣቶች የተመለሱት 9,930 ሆኑ። በሌላ አነጋገር፣ በመጀመሪያዎቹ ከአሥር ሦስት ያህሉ፣ በሁለተኛዎቹ ግማሽ ያህሉ ወጣቶች ጤናቸው ወታደር ለመሆን የማይበቃ ነበር።

ቁጥሮቹን ከ1826ቱ ካርታ ጋር አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ፋብሪካ የበዛባቸው አውራጃዎች በብዛት ያሉት ዱፓን በብርሃን በሣለው ሰሜን ነበር። ጥያቄው «ስንት ልጅ ይማራል?» ሲሆን የነጣው ምድር፣ ጥያቄው «ስንት ልጅ ጤነኛ ሆኖ ያድጋል?» ሲሆን የሚጠቁር ሆነ። ዱፓን ያገኘውን አልደበቀም፤ ለሕጉ መከራከሪያ አደረገው። ይህን በማድረጉ አከብረዋለሁ።

ሕጉ በመጋቢት 22 ቀን 1841 ወጣ። ሞተር ወይም የማይጠፋ እሳት ባለባቸው፣ እንዲሁም ከ20 በላይ ሠራተኞች ባሉባቸው ሥራ ቦታዎች ከ8 ዓመት በታች ያለ ሕፃን እንዳይቀጠር ከለከለ። ከ8 እስከ 12 ዓመት ያሉት በቀን ከ8 ሰዓት፣ ከ12 እስከ 16 ያሉት ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ወሰነ፤ ከ13 ዓመት በታች ላሉት የሌሊት ሥራን አገደ፤ ከ12 ዓመት በታች ያለ ሠራተኛ ትምህርት ቤት እንዲገባም አዘዘ። ዛሬ ስናነበው ልብ የሚያደማ ሕግ ነው። አፈጻጸሙ ደግሞ ከዚያ የባሰ ደካማ ነበር፤ ቁጥጥሩ ደመወዝ ለሌላቸው በጎ ፈቃደኞች የተተወ ስለነበር ብዙ ፋብሪካዎች እንደ ቀድሞው ቀጠሉ። ደመወዝተኛ ተቆጣጣሪዎች የተመደቡት በ1874 በወጣው ሌላ ሕግ ነው።

ዱፓን የማን ወገን ነበር?

ስለ ሕፃናቱ የተከራከረው ይኸው ሰው በዚያው ዘመን በካሪቢያን ባሕር የምትገኘው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የማርቲኒክ ቅኝ ገዢዎች ወኪል ሆኖ በፓሪስ ይሠራ ነበር። በማርቲኒክና በሌሎቹ የስኳር ደሴቶች ሥራው የሚሠራው በባሪያዎች ነው፤ ዱፓንም የባሪያ አሳዳሪዎቹን ጥቅም ወክሎ ባርነትን ለማላላት የቀረቡ ሕጎችን ተቃውሟል። ባርነት በሚያዝያ 1848 በአዋጅ ሲሻር በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ነፃ የወጡት ሰዎች ሩብ ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ዱፓንን የሚያወድሱ አጫጭር ታሪኮች ይህን ሲዘሉት ይታያል፤ መዝለሉ ግን ስለ ሰውየውም ስለ ሙያውም የተሳሳተ ግንዛቤ ይሰጣል። የሰሜኑን ልጅ ድካም በመዝገብ ፈልጎ ያገኘ ሊቅ፣ የደሴቶቹን ሰዎች በዚያው ዓይን አላያቸውም።

ከ1848 አብዮት በኋላም ከፖለቲካ አልራቀም፤ በሁለቱም የሪፐብሊኩ ምክር ቤቶች ተቀመጠ፣ በሦስተኛው ናፖሊዮን አገዛዝም ሴናተር ሆነ። በጥር 1873፣ በ88 ዓመቱ፣ ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

ክሩ ከየት መጣ?

ዱፓን ከሞተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከ1877 እስከ 1879፣ ማጆሎ የተባለ ጡረታ የወጣ የትምህርት ኃላፊ ያንን ከሳን ማሎ እስከ ጄኔቭ የተዘረጋ ክር በሌላ መንገድ ፈተነው። ወደ 16,000 የሚጠጉ የመንደር መምህራን በየአጥቢያቸው ያለውን የጋብቻ መዝገብ ከፍተው የፈረሙትን ሙሽሮች እንዲቆጥሩ ጠየቀ። መዝገቦቹ እስከ 1686 ወደኋላ ይሄዳሉ። ውጤቱ ሲሰበሰብ ክሩ እዚያው ተገኘ፤ ሰሜኑ በፊርማ ከደቡቡ የሚቀድመው ከዱፓን ካርታ ከመቶ ሠላሳ ዓመታት በላይ አስቀድሞ፣ የእንፋሎት ፋብሪካ የሚባል ነገር ከመታሰቡ በፊት ነበር። ስለዚህ ሰሜኑን ማንበብ ያስተማረው ፋብሪካው አይደለም።

እነዚያ መዝገቦች የዱፓን ካርታ ያልቆጠራቸውንም ይዘዋል። የእርሱ ጥላ የተሰላው በወንዶች ተማሪዎች ብቻ ነበር። በጋብቻ መዝገቡ ላይ ግን የሙሽራውና የሙሽራዪቱ ቦታ በአንድ ገጽ ላይ ነው፤ መጻፍ የሚችል ስሙን ይጽፋል፣ የማይችል ምልክት ያደርጋል። በብዙዎቹ ገጾች ላይ የባል ስም በተንቀጠቀጠ እጅ ተጽፎ፣ ከጎኑ በሚስት ቦታ የመስቀል ምልክት ብቻ ይታያል።